ሱባኤ የገባው ወርቁ

ባለፈው ለሠርግ ቢቸና ሄጄ ያደርኩበት ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የመስተዋት ሣጥን አለ። ሣጥኑ ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ አንድ ወርቅ ዓሣ። ቁልፍ ይዛ የቆመችውን ልጅ ትቼ ጎንበስ ብዬ አየሁት። በግራ ጎኑ ዘመም ብሎ፣ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ፣ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ምን ሁኖ ነው?» አልኳት።

«እኛም እንጃ ጋሼ። ሰሞኑን እንዲህ ነው። ደክሞት ይሆናል።»

«ምን ሠርቶ ነው የሚደክመው? ምን ታበሉታላችሁ?»

«ያው ዳቦ ነው… ሩዝ ካለም ሩዝ። የገባው እንግዳ ሁሉ ይወረውርለታል። ይወዱታል።»

«በሉ ሱባኤ አስገቡት።»

ልጅቱ ቁልፉን ሰጠችኝና በር ላይ ላለው ጥበቃ በዓይኗ ምልክት አደረገችለት። ጠጥቷል ማለቷ ነው። ጠጥቼስ አልነበረም፤ ሠርጉ ገና ነገ ነው። እኔ ሞጣ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ሞባይል፣ የውሃ ፓምፕ፣ አንዴም የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ያለ አንድ ቀን ትምህርት ያዳንኩ ሰው ነኝ። ሠርተፍኬት የለኝም፤ የዳኑት ግን ይመሰክራሉ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና የወተት ጥርሴ ረግፎ ሳያልቅ፣ ያዳንኩት ዓሣ ነው። በመላው ጎጃም የመጀመሪያው የዓሣ ሐኪም እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሁሉ ዓሣን የሚያውቀው በመጥበሻ ነው።

ጎንበስ እንዳልኩ ሽታው መጣ። የቆመ ውሃ፣ የራሰ ዳቦ፣ ከዚያ ውስጥ ትንሽ ብረት ብረት የሚል ነገር። ቁልፌን እንደያዝኩ እዚያው ቀረሁ። በሐሳቤ የልጅነቴ አክስቴ ቤት ገባሁ ማለት ነው።

ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እናቴ ከሞጣ ቢቸና ወደ እህቷ ላከችኝ። «አክስትህ ብቻዋን ናት፣ ሂድ አጫውታት» ነው የተባልኩት። ስሟ ውዴ ነው፣ እኔ እታለም እላታለሁ። ልጅ የላትም። ባሏ ጋሽ ባየህ የኤንትሬ ሾፌር ነው። ከነተሳቢዋ የምትሄደው፣ ጭንቅላቷ ቀይ የሆነ ትልቅ የጭነት መኪና። ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ሲመለስ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ያገኘውን ይዞ ይመጣል።

አንድ ጊዜ ታዲያ አገሩ የሚገባ ፈረንጅ ዕቃ ሲያጓጉዝ፣ «በል ይሄንንም ውሰደው» ብሎ ፈረንጁ ወርቅ ዓሣ ሰጠው። ዓሣውን በጀሪካን፣ ጀሪካኑን በረዳቱ ጭን ላይ አድርጎ፣ ዓባይን ወርዶ ዓባይን ወጥቶ ቢቸና አደረሰው። እታለም ሱቅ ውስጥ ከረሜላ የሚቀመጥበትን ትልቅ ጠርሙስ ለምና አምጥታ፣ ከቦኖ ውሃ ሞልታ፣ እሱ ውስጥ ጨመረችው። ስሙን ወርቁ አለችው። የቢቸና ሰው ግማሹ ሊያየው መጥቷል። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው። «ይበላል?» አይበላም ሲባሉ፣ «ታዲያ ለምን ይቀለባል?»

እኔ በደረስኩ ሰሞን ጋሽ ባየህ ለመንገድ እየተሰናዳ ነበር። ሰውየውን እወደዋለሁ። እጁ ናፍጣና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። እጁን ዘርግቶ መንዳት ያስተምረኝ ነበር።

«አየህ፣ ዓባይ በረሃ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ፣ ጭነት ከበዛባት እንዲህ ትላለች።» መዳፉን ወደ ጎን ዘመም አደረገው። «ያን ጊዜ ከደነገጥክ አለቀልህ። መሪዋን ቀስ አድርገህ ወደ ተራራው ትመልሳታለህ። ቀጥ ትላለች።» መዳፉ ቀጥ አለ። እኔም ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ሊወጣ ሲል እታለም በሩ ላይ ቆማ፣ «ክረምት ነው እኮ፣ ተጠንቀቅ» አለችው።

«አንቺ ወርቁን ጠብቂልኝ። እሱ ቀጥ ብሎ እስከ ዋኘ ድረስ እኔም ቀጥ ብዬ እነዳለሁ።»

ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። እታለም አልሳቀችም። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ፤ ቀልድ ሳይሆን መመሪያ መሰለኝ።

የወርቁ መጋቢ ተደርጌ ተሾምኩ። ጠዋት ጠዋት አንድ ቁንጥር ዳቦ። ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ ቢቸና ውስጥ መጋቢው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ይቆነጥርለታል። ልጆች ቆሎ ያኝኩና ይተፉለታል። ከሁሉ የባሰችው ራሷ እታለም ናት። ቤቷ አስፋልት ያልደረሰበት የዚያ ዘመን ዋና መንገድ ዳር ነው። መኪና በመጣ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። የጋሽ ባየህ ድምፅ ካልሆነ፣ መኪናው አልፎ ጭቃውን ሲረጨው፣ ዝም ብላ ትሄድና ለወርቁ ቁራሽ ትጥልለታለች። መኪናው ሲበዛ ቁራሹ ይበዛል። አንዳንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ትፈረፍርለታለች። «ይጠንክር» ትላለች።

ይመጣል የተባለበት ቀን አለፈ። ዝናቡ ደግሞ ያን ሰሞን ሰማይ የተቀደደ ነው የሚመስለው። ስልክ ማለት ያኔ ስልክ ቤት ሄዶ ተሰልፎ መጮህ ነው፤ መኪና ላይ ላለ ሰው ደግሞ ማን ይጮሃል?

አንድ ጠዋት ተነስቼ ጠርሙሱን አየሁ። ወርቁ ዘሟል። ልክ እንደ ጋሽ ባየህ መዳፍ፣ በግራ ጎኑ። አይሄድም አይመጣም፣ ክንፉን ትንሽ ያርገበግባል። ሆዱ አብጧል። ዳቦውን ጣልኩለት፣ ዞር ብሎም አላየው።

እኔ ያየሁት ዓሣ አይደለም። ያየሁት መታጠፊያው ላይ ያለች ቀይ ኤንትሬ ነው። ጠርሙሱን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ቀስ አድርጌ፣ ሳልደነግጥ፣ ወደ ሌላው ጎን አጋደልኩት። ውሃው ደረቴ ላይ ፈሰሰ። እሱም አብሮ ዞረና ተመልሶ ዘመመ። እንደገና አጋደልኩት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች እታለም ከኋላዬ።

«መሪ እየመለስኩ ነው።»

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ መጥታ ጠርሙሱን ያዘችና አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ደም የት እንደሄደ እንጃ። ያንን ቃል እንደ መመሪያ የያዝኩት እኔ ብቻ አለመሆኔን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ከአጥሩ ወዲያ የኔታ ይኖራሉ። በዘመናቸው ብዙ የቅኔ ተማሪ ያወጡ፣ አርጅተው ልጃቸው ቤት የተቀመጡ ሰው ናቸው። አንድ የልጅ ልጅ አለቻቸው፣ ትርንጎ። በዕድሜ ከእኔ እኩል ናት፣ በምላስ ግን አያቷን ታክላለች። እኔን ሞጤ ነው የምትለኝ፣ ከሞጣ ስለመጣሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ ወርቁን አየችው። መልኩ ደብዝዟል፣ ያ ብርቱካንማው ገርጥቶ እንደ ጧፍ ሁኗል።

«ወርቁ ወጥቶ ሰሙ ቀርቷል» አለች።

አሁን ሳስበው ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥሩ ቅኔ ነው። ያን ጊዜ ግን በጥፊ ልላት ነበር፤ ሮጣ አመለጠችኝ።

እታለም ጠበል አመጣች። የክረምት ጠበል ታውቁታላችሁ? ጥርስ ያንቀጫቅጫል። «በስመ አብ» ብላ አንድ ጣሳ ስትቸልስበት፣ ወርቁ እንደ ድንጋይ ወደ ታች ወረደ። ሁለታችንም ተያየን። ጠበሉን ክፉ ማለት አይቻል፣ ጥሩ ነው ማለትም አልቻልንም። እሷ ደግሞ ሲጨንቃት የምታውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። አስኳል ፈረፈረችለት። አስኳሉ እላዩ ላይ እንደ በረዶ ወረደ። አልነካውም። ውሃው ነጣ፣ ሸተተም። ያ የነገርኳችሁ ሽታ።

በዚያ ላይ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የልጅ ጾም ነው፣ እኔም ትልቅ ሰው ሁኜ እስከ ቅዳሴ መውጫ መጾም ጀምሬ ነበር። አጉል ጀግንነት ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ከየቤቱ የሚቀቀል አተር ሲሸተኝ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። አንድ ቀን ከባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ለሰፈሩ ደረቅ ዓሣ አምጥቶ፣ ሴቶቹ በአጥሩ ሥር ተሰብስበው ጭቅጭቅ ጀመሩ። አንዷ የጾም ነው፣ ሌላዋ የፍስክ ነው፣ ደም አለው፣ ደም የለውም። በመጨረሻ የኔታ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሊሞቁ ከወጡበት ጠየቋቸው።

«የኔታ፣ ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ? ይፍረዱን እስቲ።»

የኔታ ጭራቸውን ወዘወዝ አደረጉና፣ «እንግዲህ አንዳንዱ የጾም ነው ይላል፤ አንዳንዱ የፍስክ ነው ይላል» አሉ። «ዓሣውን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሮጬ ቤት ገባሁ።

ጠርሙሱ ሥር ተንበርክኬ ጠየቅኩት። «ወርቁ፣ የጾም ነህ ወይስ የፍስክ?»

ዳቦ ጣልኩለት። ፊቱን አዞረ። አስኳሉ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ከእሱ ሸሽቶ ጥግ ይዟል። ከዚህ የበለጠ ምን ይናገር? ሁሉ ነገር ባንዴ ተገለጠልኝ። ወርቁ አልታመመም። ጾም ይዟል! እኛ ነን ቀን ከሌት ጾሙን ልናስገድፈው የምንታገለው። እንዴት አይዝመም?

«እታለም! ወርቁ የጾም ነው! የኔታ ጠይቁት ባሉት ጠየቅኩት!»

ልትስቅ አፏን ከፈተች። ከዚያ አስኳሉ ላይ ዓይኗ አረፈና ደረቷን ደቃች። «እኔ ውዴ አፈር ልብላ! ፍልሰታ ገብቶ እንቁላል ስሰጠው!»

ነጠላዋን አጣፍታ የኔታ ዘንድ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የዓሣውን፣ የጋሽ ባየህን ቃል፣ የቀረበትን ቀን። ድምፅዋ መሀል ላይ እየተቆረጠ። የኔታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በቀልድ የጀመሩት ነገር የት እንደደረሰ የገባቸው ይመስለኛል።

«ቁራሽ የምትጥይለት በቀን ስንት ጊዜ ነው?» አሉ።

«መኪና በመጣ ቁጥር።»

«መኪናውስ ስንት ጊዜ ይመጣል?»

ወደ መንገዱ ዞረች።

«በይ ሱባኤ አስገቢው» አሉ። «ሱባኤ የገባ ሰው በሩ አይንኳኳም፣ ምግብ አይወሰድለትም፣ እንዴት ነህ አይባልም። ሱባኤ ሰባት ነው፤ ለዓሣ ግን ሦስት ይበቃዋል፣ ትንሽ ነውና። አንቺም ዐረፍ በይ።»

እኔ፣ «የኔታ፣ እኔ ነኝ እኮ የጠየቅኩት» አልኳቸው፤ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ እንዳይጠፋ።

«ሰማሁ ልጄ፣ ሰማሁ» አሉ።

በመጀመሪያ ውሃውን አጸዳንለት። ጠበሉ ያስተማረን ነገር ስላለ ከቦኖ በቀጥታ አልቀዳሁም፤ ቤት ውስጥ በገንዳ አድሮ ቅዝቃዜው የወጣለትን ጨመርንለት። ይሄንን ማንም አልነገረኝም፣ የራሴ ግኝት ነው። ጠርሙሱን ከመንገዱ ዳር ካለው ክፍል አንስተን ጓዳ አገባነው፤ እታለም ንጹህ ነጠላዋን አለበሰችው። ነጭ ሁኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጨለማው ውስጥ ሲቆም መነኩሴ ነው የሚመስለው። እኔ ጓዳው በር ላይ በርጩማ ይዤ ዘብ ቆምኩ።

ሰው መመለስ ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ጎረቤት ቁራሽ ይዞ ይመጣል፣ «ሱባኤ ላይ ነው» እላለሁ። ስቆ የሚመለስ አለ፣ አማትቦ የሚመለስም አለ። እታለም ራሷ መኪና ባለፈ ቁጥር እስከ ጓዳው በር ትመጣለች። እጇ ባዶ ነው፣ ግን ጣቶቿ ይቆነጥራሉ፤ ልማድ ነዋ። አያታለሁ፣ ታየኛለች፣ ትመለሳለች።

ከሁሉ የከፋችው ትርንጎ ናት። ዳቦ በቀሚሷ ደብቃ መጣች።

«ዞር በል ሞጤ፣ ልየው።»

«አይታይም።»

«ዓሣ እንዴት ይጾማል? ቆራቢ ነው እንዴ?»

«አንቺስ ትጾሚ የለም?»

«እኔ ነፍስ አለኝ።»

«እሱስ ምን አለው፣ ባትሪ?»

ትንሽ አሰበች። ትርንጎ ስታስብ መጠንቀቅ ነው። «እሺ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ሲዋኝ ጋሽ ባየህ ቀጥ ብሎ የሚነዳ ከሆነ… እሱ ሲራብስ?»

እመኑኝ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

«ሂጂ ከዚህ!» አልኳት። ሄደች። ጥያቄውን ግን በርጩማዬ ሥር ትታው ነው የሄደችው። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አበላው ይሆን? ካበላሁት ጾሙ ይፈርሳል፣ መኪናዋ ትዘማለች። ካላበላሁት ሰውየው ይራባል። ነጠላውን ጫፉን ይዤ ልገልጥ እልና እጄን እሰበስባለሁ። ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ሱባኤ የገባ ሰው ቢያንስ ያስላል።

ሱባኤው በሚያበቃበት ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ገና ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ጋሽ ሰይድ ገባ። ጋሽ ሰይድ የሞጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው፣ የእናቴ ጎረቤት፤ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ሁልጊዜ እሷ የላከችልኝን ያደርስልኛል። ያን ቀን ግን ባዶ እጁን ነው። ጃንጥላውን ደጃፍ አቆመና ሳይቀመጥ፣ «ውዴ፣ እንዴት ነሽ?» አለ። አባባሉ ሰላምታ አይመስልም።

«የት ደርሰህ ነው?»

«ከደጀን ተመለስኩ። ዓባይ በረሃ ናዳ ወርዷል፣ የሚያልፍ የለም። እዚያ የቆመው መኪና ብዛት…» ቆቡን ከራሱ አነሳና መልሶ አደረገው። «አንድ መኪና ገደል ገብቷል ይላሉ። ወሬ ነው፣ ያየ ሰው አላገኘሁም።»

«ቀይ ነው?»

«ውዴ፣ ቀይ መኪና ብዙ ነው።»

«ቀይ ነው ወይ አልኩህ ሰይድ።»

«ቀይ ነው ይላሉ።»

እታለም ተነሳች። ቀጥ ብላ ወደ ጓዳው መጣች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ። ወሬ አትጠይቅም፤ ዓሣውን ልትጠይቅ ነው።

በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። «አልደረሰም እታለም! ቅዳሴ አልወጣም!»

«ዞር በል።»

ዞር በል ብላኝ አታውቅም ነበር።

«አሁን ከገለጥሽው ይፈርሳል! ትንሽ ነው የቀረው!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሱባኤው ይፈርሳል ብዬ ብቻ አልነበረም። ከነጠላው ሥር ያለውን ፈርቼ ነው። እስካልተገለጠ ድረስ ወርቁም አለ፣ ጋሽ ባየህም አለ።

ጋሽ ሰይድ ከኋላዋ መጣ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ዓሣ ነው ጋሽ ሰይድ። ሱባኤ ገብቶ ነው።»

ነጩን ጠርሙስ አየ፣ እኔን አየ፣ እሷን አየ። «ለማን ነው የሚጸልየው?»

«ለጋሽ ባየህ።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ጫማውን አወለቀና ጓዳው ደፍ ላይ ቁጭ አለ። «አላህ ይቀበለው» አለ። «በይ ውዴ፣ እስኪጨርስ እንጠብቀው።»

እሷም ጠርሙሱ ዘንድ አጠገቤ ቆመች። እጇ ነጠላው ላይ ነው፣ አላነሳችውም፣ አልገለጠችውምም። እንደዚያ ሆነን ደወሉን ጠበቅን። ዝናቡ ይወርዳል። አንድ መኪና በመንገዱ መጣ፣ ሦስታችንም ጆሯችንን አቆምን፣ አለፈ። የእታለም ጣቶች ነጠላው ላይ ቆነጠሩ። ከየኔታ ቤት የአተር ንፍሮ ሽታ በአጥሩ አልፎ ይመጣል፣ እኔም በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ሆዴ ይጮሃል። ደግሞ የወርቁ ሆድ ቢሆንስ የሚጮኸው ብዬ ጠርሙሱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

ደወሉ መታ።

እታለም ገለጠችው።

ወርቁ ታች ነው። ሆዱ የጠርሙሱን ወለል ነክቷል። አይንቀሳቀስም። ትርንጎ በዚያች ሰዓት ትኩስ ንፍሮ በሳህን ይዛ ከአያቷ ተልካ ገባች። ከወርቁ ሥር ረጅም ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ተጠምዝዞ ተኝቷል።

«ኃጢአቱን ጥሏል» አልኩ በሹክሹክታ።

«ኃጢአት አይደለም፣ አሩ ነው» አለች ትርንጎ።

ማንም አልተቆጣትም። እታለም ጠርሙሱን በጣቷ ነካ አደረገችው። ምንም የለም።

እኔ ታዲያ ሐኪም ነኝ። ከሳህኑ አንድ አተር አነሳሁ። የጾም ሰው በምን ይፈታል? በዚህ ነው። ግን ወርቁ ጥርስ የለውም፤ ልጣጩ ያንቀዋል ብዬ ጣቴ እየተቃጠለ ላጥኩት። ውስጡን በጥፍሬ ፈጨሁና ጣልኩለት። አረንጓዴዋ ፍርፋሪ ቀስ ብላ ወረደች፣ በፊቱ አለፈች፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላያትም። ሌላ ጣልኩ። እሷም አለፈች። ሦስተኛዋን ስጥል እታለም ዓይኗን ጨፍና ነበር።

አፉን ከፈተ። ዋጣት።

ከዚያ ጅራቱን አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ፣ ከወለሉ ተነሳ። ሳይዘም፣ ቀጥ ብሎ፣ ልክ መሪዋ እንደተመለሰላት መኪና፣ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ወጣ። ዞሮም የወደቁትን ለቀማቸው።

«ዋይ!» አለች ትርንጎ።

«ክፈቺ ዓይንሽን፣ እታለም! ቀጥ ብሏል! ቀጥ ብሏል!»

እታለም ከፈተች። አየችው። የጤፉ ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና ሳህኑን ከትርንጎ ወስዳ ንፍሮውን ትበላ ጀመር። በእፍኝ በእፍኝ። ያን ሁሉ ቀን ለወርቁ ስትቆነጥር እሷ ምን እንደበላች ማናችንም አላየንም ነበር። ጋሽ ሰይድ ጫማውን እያደረገ፣ «እንግዲህ ዓሣው ነገረሽ» አላት። ያን የተናገረው ለማጽናናት ብቻ ነው መሰለኝ፤ ሲወጣ ወደ መንገዱ ሲያይ ፊቱ አሁንም ጥቁር ነበር።

እኛ ግን ጠበቅን። ወርቁ ይዋኛል፣ መኪና ያልፋል፣ ቁራሽ ግን አይጣልም፤ እታለም ጣቶቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር የምትቀመጠው። ከዕለታት በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ያ የምንጠብቀው የኤንትሬዋ ጥሩንባ መንገዱ ላይ ጮኸ። ማንም ያልጠራው ሰፈር ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቀዩዋ ኤንትሬ እስከ ጣራዋ ጭቃ ለብሳ፣ ተሳቢዋን አስከትላ ቆመች። ጋሽ ባየህ ወረደ። ጉንጩ ገብቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ሱሪውን በገመድ አስሮ።

እታለም ወደ እሱ አልሮጠችም። እዚያው በሩ ላይ ሁና፣ «ዘገየህ» አለችው።

ከገባና ከተቀመጠ በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። የኔታም መጡ። ጋሽ ባየህ ይናገራል፣ ሰው ይሰማል።

«ገደል የገባው የሌላ ሰው መኪና ነው፣ ሾፌሩ ዘሎ ወጥቷል፣ ተመስገን። እኛ ታች ድልድዩ ጋ ነበርን። ከፊታችን ናዳ፣ ከኋላችን ናዳ። መኪናዋን ትቼ የት እሄዳለሁ? ጭነቱ የሰው ነው። ያለችንን በላን፣ አለቀች። ከዚያማ ሦስት ቀን እህል የሚባል በአፋችን አልዞረም!»

እኔ ከእታለም ጀርባ ነበርኩ። ትርንጎ ከሰው ሁሉ መሀል ዞራ አየችኝ። ምንም አላለችም። ያቺ ልጅ ዝም ያለችበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

«በሦስተኛው ቀን ግን» አለ ጋሽ ባየህ፣ «የአውቶብስ ሰዎች ናዳውን በእግር ተሻግረው መጡ። አንዲት አሮጊት፣ እግዜር ይስጣት፣ ስንቋን ፈታችልን። ንፍሮ። የአተር ንፍሮ! እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር በዕድሜዬ የለም።»

እታለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። የኔታ ጭራቸውን አቁመው ጣራ ጣራውን ያያሉ። እኔ አንድ የቀረኝ ነገር ነበር፤ ካልጠየቅኩ አላድርም።

«ጋሼ» አልኩ።

«አቤት የኔ ጌታ።»

«አተሩ… ተልጦ ነበር?»

ጋሽ ባየህ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ትክ ብሎ አየኝ።

«አዎ» አለ። «አሮጊቷ ጥርስ የላትም፣ ለራሷ ልጣ ነው የያዘችው። አንተ እንዴት አወቅክ?»

ሁሉም ሰው ዞሮ አየኝ። እኔ ወርቁን አየሁት። ጠርሙሱ ውስጥ ቀጥ ብሎ፣ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፤ ምንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ሐኪም የበሽተኛውን ሚስጥር አያወጣም።